አካል የሌለው ጣሪያ

«ኢጀክት ሳታደርገው ነቅለኸው ነው» አለች እምነት፣ ፍላሹን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መብራቱ እያገላበጠች። «መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ውጣ ብለህ ታዘዋለህ፤ እሺ ሲልህ ትነቅለዋለህ። ዝም ብለህ ከመነጨቅኸው ውስጡ ያለው ይበላሻል። የአጠቃቀም ጉዳይ ነው።»

ከባንኮኒው ወዲያ የቆመው አሸብር የሚባል ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ሰባተኛ ሰፈር ካለ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሠርግና ክርስትና ይቀርጻል፤ የካሜራ ቦርሳው ከትከሻው አይወርድም። ሊጨቃጨቅ ተዘጋጅቶ እንደመጣ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ግን ወኔው ከዳው።

«እኔ እንጃ» አለ። «ያን ቀን ተቻኩዬ ነበር። ነቅዬው ይሆናል።»

«አየህ።»

«ግን እኮ ፋይሎቹ አሉ። ስማቸው ይታያል። ሲከፈቱ ነው እንቢ የሚሉት።»

«ምልክቱ እሱ ነው።»

«የክርስትና ነው። ካሜራው ላይ ያለውን ደግሞ ለሌላ ሥራ ብዬ አጥፍቼዋለሁ።» አሸብር ፍላሹን ተቀብሎ መዳፉ ላይ ትክ ብሎ አየው። «እናትየው በየቀኑ ትደውላለች። አሁን ምን እላታለሁ?»

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ምንይሉ እምነትን ሥራ ሲያስጀምሯት ያስተማሯት «የአጠቃቀም ጉዳይ ነው» እስከሚለው ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደንበኛው ወይ ይሳደባል፣ ወይ ሌላ ይገዛል። አሸብር ሁለቱንም አላደረገም።

«በቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ወደ ደረጃው ሄደ።

ሌላ ቀን ቢሆን በዓይኗ ትሸኘው ነበር። ዛሬ ግን ልቧ ቦታው አልነበረም። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ሜክሲኮ አካባቢ ካለው ማሠልጠኛ ደርሳ በገዛ እጇ የሠራችውን ጌም ማሳየት አለባት። ማሠልጠኛው ጥቂት ሰዎችን ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራስህ የሠራኸውን ይዘህ ና። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አይጠይቅም። እምነት ፈተናውን ካላለፉት ብዙዎች አንዷ ናት፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያንኳኳችው በር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃት ያንን ወረቀት ነበር። ያልጠየቃት ይኼ ብቻ ነው። እሱም ዛሬ ይዘጋል።

የደንበኛውን ወንበር መግቢያው ላይ አጋድማ ኮሪደሩን ተሻገረች። ፊት ለፊት ያለው የፈርሀት ሱቅ ነው። ፈርሀት ያገለገሉ ላፕቶፖችን ጠግኖ ይሸጣል፤ የጠገነውን ገዢ እስኪመጣለት ለእምነት ያውሳታል። «እስክትሸጥ ያንቺ ናት» ይላታል፣ ላፕቶፕን እንደ ላም በሴት እየጠራ።

«ጥቁሯ ተሸጠችልኝ» አላት ገና ስታያት። «ማታ አንቺ እንደወጣሽ። ውስጧ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ነው የሰጠኋቸው፤ ያንቺን አስቀምጠሻል አይደል?»

«ፍላሽ ላይ ነው።»

«ጎበዝ። በይ ይችን ውሰጂ። ትንሽ ሰነፍ ናት፤ ግን ትሄዳለች።»

እምነት ፍላሹን ሰካች። ፎልደሩ ወጣ፤ «ፍራሽ» ይላል። ጌሙ መርካቶ ውስጥ በየቀኑ የምታየው ሰው ነው፤ የስፖንጅ ፍራሽ በአናቱ ተሸክሞ የሚሮጥ ተሸካሚ። ልዩነቱ እሷ መንገዱን ስለዘጋችበት በጣሪያ ላይ መሄዱ ነው። ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ፣ ከሸራ ወደ ሸራ ይዘላል። ፍራሹ ስለሚከብደው ከፍ ብሎ መዝለል አይችልም፤ ሲወርድ ግን ፍራሹ አየር ይዞለት እንደ ጃንጥላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህ የራሷ ሐሳብ ነው። ከየትኛውም የትምህርት ቪዲዮ አልቀዳችውም። አንድ ቀን ነፋስ ሲነሳ አንድ ተሸካሚ ፍራሹን ይዞ ሲንገዳገድ አይታ ነው፤ ሰውየው እየተራገመ፣ እሷ እየሳቀች።

የመጨረሻውን ሥራዋን ተጫነችው። አልተከፈተም። «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከእሱ በፊት ያለውን ሞከረች። ተበላሽቷል። የሰውየው ሥዕል፣ የጣሪያዎቹ ሥዕል፣ ኮዱ። ስማቸው በተርታ ተደርድሯል፤ ሲነኳቸው ግን እንቢ ይላሉ።

ሁሉንም ከላይ እስከ ታች እንደገና ሞከረች።

«ኢጀክት አድርጌዋለሁ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ምን?» አለ ፈርሀት።

«ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ትናንትም አድርጌዋለሁ። ቆሜ እሺ እስኪለኝ ጠብቄ ነው የነቀልኩት።»

እውነቷን ነበር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህን ነገር ሳይረሳ የሚያደርግ ሰው ቢፈለግ እሷ ናት፤ ለደንበኛ ደጋግማ ስትናገረው የራሷ ሃይማኖት ሆኖባት ነበር።

ፈርሀት መፍቻውን አስቀምጦ መጣ። ፍላሹን ነቅሎ ገለባበጠው፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር አልፎ ሄደ።

«ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከኛ ሱቅ ነዋ።»

«ለደንበኛ ከምትሸጡበት ከፊት ካርቶኑ?»

«አዎ።»

ፈርሀት ፍላሹን በራሱ ማሽን ላይ ሰክቶ አንድ መፈተሻ ፕሮግራም ከፈተ። አረንጓዴ መስመር ትንሽ ሄደና ቀይ ሆነ። እስከ መጨረሻው ቀይ ሆኖ ሄደ።

«ላዩ ላይ ስልሳ አራት ጊጋ ይላል» አለ ፈርሀት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚይዘው ስምንት ነው። ስምንት እስኪሞላ ደህና አድርጎ ይሠራል። ከዚያ በላይ የምታስቀምጪውን፣ እሺ ተቀብያለሁ ይልሻል፤ ስሙንም ይጽፍልሻል። ውስጡ ግን የለም።»

«አልገባኝም።»

«ገብቶሻል።»

ገብቷታል። ፍላሹ ላይ መጀመሪያ ያስቀመጠችው የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራዋን ነበር። ቀጥሎ ከኢንተርኔት ያወረደቻቸውን የትምህርት ቪዲዮዎች ጫነችበት፤ እነሱ ብቻ ከስምንት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ «አስቀመጥኩ» ብላ የሄደችው ሁሉ የትም አልገባም። ስም ብቻ ነበር።

«አታውቂም ነበር እንዴ?» አለ ፈርሀት።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«እሙ፣ ፎቁ በሙሉ ያውቃል። የምትሸጪው አንቺ ነሽ፤ እኔማ የምታውቂ ነበር የመሰለኝ።»

«ደንበኛ ሲመጣ የአጠቃቀም ጉዳይ ነው ስል አልሰማኸኝም?»

«እሰማሻለሁ።» ፈርሀት አገጩን አከከ። «ጎበዝ ሻጭ ናት እል ነበር።»

እምነት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ትዝ ያላት መሳቢያው ነው። ጌም መማር መጀመሯን ጋሼ ምንይሉ የሰሙ ዕለት፣ ደስ ብሏቸው፣ «ማስቀመጫ ያስፈልግሻል፤ ለራስሽ ከሆነ ከመሳቢያው ውሰጂ» ብለዋት ነበር። ከባንኮኒው ሥር ያለችውን መሳቢያ ስትከፍት ማሸጊያቸው ያልተነካ፣ ዋጋቸው ከፊተኞቹ የማይገናኝ ፍላሾች አየች። ጋሼ ምንይሉ ከዚያ የሚያወጡት ለዘመድና ለወዳጅ ነው። ይሉኝታ ያዛት። ሥራውን የሰጧት የሟች አባቷ ጓደኛ ስለነበሩ፣ ለነፍሱ ሲሉ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ውድ ዕቃ ማንሳት ከበዳት። መሳቢያውን ዘግታ ከፊት ካርቶኑ ርካሹን አነሳች። ማታ «ወሰድሽ?» ሲሏት፣ «ወሰድኩ ጋሼ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

መሳቢያ ለምን እንዳስፈለገ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ብትልኪው ምን ነበረበት?» አለ ፈርሀት።

«ፍላሽ ቤት እየሠራሁ?»

ፈርሀት ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። «በይ ተነሽ። የመጀመሪያው አለ አይደል? ከስምንቱ ውስጥ የገባው። እሱ ይከፈታል። ላፕቶፗን ወደ ሱቅሽ ውሰጃት፤ ገዢ ቢመጣ ቻርጅ የላትም እላለሁ።»

የመጀመሪያው ተከፈተ። ቢጫ ሰማይ፣ አንድ ቀይ ሣጥን፣ አንድ ግራጫ መስመር። እምነት አየችውና አፈረች። ያኔ ጌም ማለት ሥዕል መሳል ይመስላት ነበር። ሣጥኑን ከመስመሩ በላይ አስቀምጣ ስታስነሳው ሣጥኑ መስመሩን አልፎ ወደ ታች ወርዶ ጠፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ለምን እንደሚወድቅ አልገባትም ነበር። በመጨረሻ አንድ ቪዲዮ ላይ ሰማች፤ ወለሉ ሥዕል ብቻ ነው፣ አካል አልተሰጠውም። ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ የሚቆሙበት አይደለም። አካል ካልሰጡት ዓይን ያየዋል፣ እግር ግን አያገኘውም። ክብደትም እንደዚያው ነው፤ ውደቅ ካላሉት የሚወድቅ ነገር የለም።

ያንን ሁሉ እንደገና ልትሠራው ነው። ቀና ብላ ሰዓቱን አየችና ዳግመኛ ላለማየት ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች።

መጀመሪያ ሰውየውን ሣለች። እጇ ያስታውሰዋል፤ ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ከአናቱ በላይ ከራሱ የሚበልጥ ቢጫ ፍራሽ። ከዚያ አስኬደችው። ከዚያ ክብደት ሰጠችው። እዚህ ላይ ተጣበቀች። የዝላዩን ቁጥር አላስታወሰችውም። አንድ ቁጥር ስትሰጠው ሰውየው እንደ ፊኛ ተነስቶ ከሰማዩ ወጥቶ ይቀራል፤ ቀንሳ ስትሰጠው እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ቁጭ ይላል። በመሃል የሆነ ቦታ፣ ያኔ ብዙ ሳምንት ፈጅታ ያገኘችው፣ ሲዘል ጉልበቱ የሚሰማ፣ ሲወርድ ፍራሹ የሚይዘው ቁጥር ነበር።

«ታይፕ ሲ አለ?»

«አለ።»

«ኦሪጅናል ነው?»

እምነት ቀና አለች። አንዲት ወጣት የቻርጀር ገመድ ይዛ ቆማለች። ይህ ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደሚጠየቅ እንጃ፤ መልሱ «ኦሪጅናል ነው» ብቻ ነበር። ዛሬ አፏ ላይ ቆመባት።

«ይሠራል» አለች በመጨረሻ። «ነገ የሚሆነውን አላውቅም።»

«እንዲህ ብለሽ ነው የምትሸጪው?» ብላ ሳቀች ልጅቷ፤ ገዛችና ሄደች።

ከታች ከመንገዱ የጫኝና አውራጅ ጩኸት ይመጣል፤ የመኪና ክላክስ፣ «ከፊት! ከፊት!» የሚል የተሸካሚ ድምፅ። እምነት ቁጥሩን ቀየረች፤ አስዘለለችው። ቀየረች፤ አስዘለለችው። ከቀትር በፊት አንድ ጊዜ ልክ የመጣ መሰላትና ልቧ ተነሳ፤ ሁለተኛ ስትሞክረው ሰውየው ጣሪያው ጫፍ ላይ ጭንቅላቱ ተሰክቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። ወይዘሮ ሸዋገነት ከንጋቱ ጀምሮ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስትለቅም ትውልና ቀትር ላይ ፋታ ስታገኝ ትደውላለች።

«ዛሬ ነው አይደል?» አለች እናቷ፤ ከኋላዋ የመኪና ጩኸት ይሰማል።

«ዛሬ ነው እማ።»

«ያ ፍራሽ የተሸከመው ሰውዬሽ ደህና አደረ?»

እምነት ስክሪኑን አየች። ሰውየው አሁንም ይንቀጠቀጣል። «ደህና አድሯል።»

«እንዳይወድቅ ብቻ። እኔማ ለጎረቤቶቻችን፣ ለእነ ይድነቃቸው እናት ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ልጄ ሰው ሠርታ ኮምፒውተር ላይ ታስሮጣለች ብዬ።»

«እማ፣ ለምን ትናገሪያለሽ? ገና ምንም ሳይሆን።»

«ምን ችግር አለው? አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። ምሳ ብይ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ቁጥሩ ተመለሰች። ምሳ አልበላችም። የደንበኞች ድምፅ እየራቀባት፣ እጇ ብቻ እየሠራ፣ ሰባት ሰዓት አለፈ። ከዚያ፣ ስትጠብቀው ሳይሆን ተስፋ ቆርጣ ሁለት ቁጥር አንድ ላይ ስትቀይር፣ ሰውየው ጉልበቱን አጥፎ ዘለለ፤ አየሩ ላይ አንድ አፍታ ቆመ፤ ፍራሹ ነፋ አለለትና ቀስ ብሎ ማዶው ቆርቆሮ ላይ አረፈ። እምነት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ነው።

ጣሪያዎቹ ቀሩ። ጊዜ ለመቆጠብ ሙሉውን የጣሪያ ሰልፍ በአንድ ረጅም ሥዕል ሣለችው፤ ቀይ ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ ሸራ፣ የዛገ፣ የተጣጠፈ፣ ጎማ የተጫነበት። ከዚያ ከግራ ጀምራ ለእያንዳንዱ አካል መስጠት ቀጠለች። ዘቅዛቃው ጣሪያ ሁሉ የየራሱን ቅርጽ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱን ሰጥታ ሰውየውን እያስኬደች መሞከር አለባት። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ላይ እግሩ ይሰምጣል። ግማሹን እንኳ ሳታልፍ ስልኳን ገልብጣ አየች፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ፈርሀት ሻይ ይዞላት መጣ። «እስቲ እኔ ልሞክረው» ብሎ ጎንበስ አለ። ሰውየውን እያስዘለለ ሄደ፤ ፍራሹ አየር ሲይዝለት ፈርሀት ጮክ ብሎ ሳቀ። «ወላሂ ይኼ ሰው ተከራይ ነው፤ ፍራሹን ይዞ ሲዞር ነው የሚኖረው።» እየሳቀ አንድ ሰማያዊ ሸራ ላይ ሊያሳርፈው አስዘለለው፤ ሰውየው ግን አላረፈም። ሸራውን አልፎ ከነፍራሹ ወደ ታች ወርዶ ጠፋ።

«ሞትኩ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ከዚያ ወዲያ አካል የለውም። አልደረስኩበትም።»

«ታዲያ ተይዋ። እዚህ ድረስ የሚጫወት ዳኛ የለም። ትንሽ ያዩና፣ በቃ ጥሩ ነው ይላሉ። ሥዕሉ ያምራል፤ ረጅም ይመስላል።»

እምነት ሻይዋን ሳትነካ ስክሪኑን ተመለከተች። ሰማያዊው ሸራ፣ ከእሱ ወዲያ ዝገቱ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ ሌላ። በእርግጥ ያምራል። ሰውየው ሸራውን አይቶ ነው የዘለለው። ዘሎ ሲወድቅ፣ የሚጫወተው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ምን እንደሆነ ታውቃለች። አሁን ፈርሀት ብሎታል። ምን አጠፋሁ ይላል። ጠዋት አሸብርም ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ሄዷል፤ ደረጃውን ሲወርድም ሳያስበው አልቀረም።

ሥዕሉን ከሰማያዊው ሸራ ጀምራ ቆረጠችው። የመጨረሻው ጣሪያ ጫፍ ላይ ቢጫ ሰማይ ብቻ ቀረ።

«ምን አደረግሽ?» አለ ፈርሀት። «አሁን እኮ አጭር ሆነ።»

«አጭር ነው።»

«ሌሎቹ ረጅም ይዘው ነው የሚመጡት።»

«አውቃለሁ» አለች እምነት። ምናልባት በሩን በገዛ እጇ መዝጋቷ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሥዕሉን አልመለሰችውም። በስልኳ ኢንተርኔት ከፍታ ጌሙን በቴሌግራም ለራሷ ላከችው፤ እስኪደርስ ድረስ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው።

ጋሼ ምንይሉ ከመጋዘን ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወፍራም፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩ፣ ሱቅ ገብተው ሳይቀመጡ መጀመሪያ አቧራ የሚጠርጉ ሰው ናቸው።

«እስካሁን አልሄድሽም?» አሏት። «በጊዜ ውጪ አላልኩሽም? ታክሲ እንደሆነ ሰልፍ ነው።»

«ልሄድ ነው ጋሼ።» ላፕቶፗን ለፈርሀት መልሳ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ቆመች። «ጋሼ ምንይሉ፣ ያኔ ለራስሽ ከሆነ ከመሳቢያው ውሰጂ ያሉኝ ለምን ነበር?»

ጋሼ ምንይሉ አቧራ መጥረግ አቆሙ። «ታዲያ ወሰድሽ አይደል?»

«አልወሰድኩም። ከፊት ካርቶኑ ነው ያነሳሁት።»

«ለምን?»

«አፈርኩ። ውድ ነው ብዬ።»

ሰውየው ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ንዴት አልነበረም፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «ሥራሽ?»

«ጠፋ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሬ እንደገና ሠራሁት። ሙሉውን አይደለም።»

«ላንቺማ ነግሬሽ ነበር» አሉ ጋሼ ምንይሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «ላንቺ ከመሳቢያው ብዬ ነግሬሽ ነበር።»

«ለሌላውስ?»

«ሌላው ርካሽ ስጠኝ ይላል፤ ርካሹ ይኼ ነው። እኛ ጋ ባያገኝ ማዶ ይገዛል። ለሁሉም ከመሳቢያ ካልኩ ሱቁን ማን ይከፍተዋል? ያንቺንስ ደሞዝ?» ጉልበታቸውን አሻሹ። «እኔ የጀመርኩት ነገር አይደለም ልጄ። መጥቶ ያገኘኝ ነው። በይ አሁን አንድ ውሰጂ፣ ከመሳቢያው። ሂጂ፣ አይርፈድብሽ። ከተመለስሽ በኋላ እናወራለን።»

«ከተመለስሽ በኋላ» ያሉበት ድምፅ ደግ ነበር። ደግነቱ ነው ያስፈራት፤ ከአባቷ ሞት ወዲህ ቤታቸው የቆመው በዚህ ደግነት ነው። ከመሳቢያው አንድ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መሳቢያውን ዘጋች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ አሸብር ከደረጃው ብቅ አለ።

«አንቺ፣ ጥሩ ደረስኩ!» አላት እያለከለከ። «ሰባተኛ ላይ የቀለበት ቀረጻ አለብኝ፣ አሁኑኑ ነው። አንድ ስጪኝ፤ ያንኑ ዓይነት።»

«ያንኑ?»

«አዎ። ዛሬማ አልሸወድም። አንቺ እንዳልሽው አደርገዋለሁ፤ ኢጀክት፣ ቆሞ መጠበቅ፣ ከዚያ መንቀል። ለእናትየውም ደውዬ ነገርኳት።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ገንዘቡን እመልሳለሁ አልኳት። አለቀሰች። ምን ይደረጋል፤ ያጠፋ ሰው ይክሳል።»

ከኋላዋ የካርቶን ድምፅ ሰማች። ጋሼ ምንይሉ እጃቸው እንደለመደው ከፊት ካርቶኑ አንድ አንስተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡለት። «ይኸው የኔ ልጅ» አሉ። አሸብር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ደረጃው ከፊቷ ነበር። ታች መንገዱ ላይ የታክሲ ረዳት ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ እያለ ይጣራል። አሁን ከወጣች ትደርሳለች። ጋሼ ምንይሉ ቀና ብለው አዩዋት፤ ሂጂ እንጂ የሚል አስተያየት ነበር። ኮሪደሩ ማዶ ፈርሀት መፍቻውን ይዞ፣ ሥራው ላይ ያቀረቀረ መስሎ፣ ያዳምጣል።

እምነት ተመለሰች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ባንኮኒው ላይ፣ ፍላሹ ላይ፣ አስቀመጠችው።

«አሸብር» አለች። «ያ ክርስትና ያንተ ጥፋት አልነበረም።»

አሸብር እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «እንዴት?»

«ኢጀክት ብታደርገውም ይጠፋ ነበር። እኔም አድርጌው ጠፍቶብኛል። ለእናትየው ደውልና እኔ አይደለሁም በላት። ሱቁ ነው በላት።»

ጋሼ ምንይሉ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ጉልበታቸው መሳቢያውን ጋርዶታል። የታክሲው ረዳት ድምፅ ታች መንገዱ ላይ እየራቀ ሄደ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አለች እምነት፤ ወደ መሳቢያው ጎንበስ አለች።